ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብዬ ስነሳ አንገቴ አበጠ

ድሬዳዋ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ ስራዬ ጎሚስታ ነው። ሐኪም አይደለሁም። አንዲት የበሰበሰች ጥርስ አንገቴን አስቀድዳኝ በቀዳዳ የተነፈስኩ ሰው ነኝ፣ ዛሬም የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ካልቆለፍኩ ጠባሳው ይታያል፣ ደንበኛ ሁሉ "ምን ሆነህ ነው?" ይለኛል፣ እኔም ጎማ እየነፋሁ መቶ ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ አሁን አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት 2006 ነው። ያኔ ድሬ ውስጥ ትኩሳት ገብቶ ሰዉን እያነሳ እየጣለው ነበር ግን ስሙን ማንም አያውቅም፣ ዴንጊ የሚባል ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ መሆኑ በኋላ ነው የታወቀው፣ ለወባ ትመረመራለህ ወባ የለም፣ ጎረቤትህም ያው፣ ባጃጅ ነጂው ያው፣ ሳቢያን ያለው ዘመድህም ያው። "የዘንድሮ ጉንፋን" ይላል ሰው። አንዳንዱ "አቧራው ነው" ይላል። አቦ እኛ እኮ ለሁሉም ነገር መልስ አናጣም።

ከትኩሳቱ በፊት ግን ስለጥርሷ ልናገር፣ ዋናዋ እሷ ናት። ግራ በኩል ከታች፣ ከመጨረሻዋ መንጋጋ አንድ ቀደም ብላ ያለችው። ዓመት ሙሉ ስትቦረቦር ቆይታ አንድ ቀን ቆሎ ስበላ ግማሿ ተሰብራ ወጣች። ጥርስ ክሊኒክ ሄጄ "ትነቀል፣ 150 ብር" አሉኝ፣ ኪሴ ውስጥ 60 ብር ነበረ፣ "ቅዳሜ እመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ። ያቺ ቅዳሜ አልደረሰችም። ሲያመኝ ቅርንፉድ አደርግባታለሁ፣ ሲብስ አይቡፕሮፌን፣ ከዛ እረሳታለሁ። ጫት ስይዝ በቀኝ ጉንጬ ብቻ ነው፣ ጓደኞቼ "ግራህ ተከራይቷል እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል። ከሆነ ጊዜ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ማመሙን ተወች፣ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ነርቩ ሞቶ ነው፣ ቁስሉ ስሯ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ይሄን በኋላ ነው የነገሩኝ። ያማት የነበረች የተቦረቦረች ጥርስ ሳትታከም በራሷ ዝም ካለች ደስ አይበላችሁ።

እሁድ ረፋዱ ላይ የአይሱዙ ጎማ እየፈታሁ ድንገት ብርድ ብርድ አለኝ፣ የድሬ ፀሐይ ውስጥ! መፍቻውን ጥዬ ጥላ ስር ቁጭ አልኩ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እሳት ሆንኩ። ራስ ምታቱ ደግሞ ልዩ ነው፣ ዓይኔን ሳዞር ከጀርባው የሚጎትተኝ ነገር ያለ ይመስላል። ወገቤ፣ ጉልበቴ፣ የጣቴ መገጣጠሚያ ሳይቀር በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው ሚመስለው። በማግስቱ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ወባ የለም፣ ዊዳል ተሰራ "ታይፎይድ ነው" ተባልኩ፣ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ ለህመሙ ደግሞ ዳይክሎፌናክ መቀመጫዬ ላይ ወጉኝ። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ታይፎይድ ሳይኖርብህም አለ ሊልህ እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር፣ ማን ይነግርሃል። የተወጋሁበት ቦታ በማግስቱ እንደ ደበርጃን ጠቆረ፣ የእጄ መዳፍ ያክላል። እማዬ አይታ "መርፌው ደም ስር ነክቶብህ ነው" አለች። ደሜ መርጋት እያቃተው መሆኑን የሚናገር ምልክት ነበር እኮ፣ ግን ማን አንብቦት።

ማክሰኞና ረቡዕ አልጋ ላይ ነኝ። ምግብ የለም፣ አፌ እንደ ጨርቅ ደርቋል፣ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ስለሚደማ ቡርሹን ወረወርኩት። ግራ መንጋጋዬ ይጠዘጥዘኛል ግን መላ ሰውነቴ እየጠዘጠዘኝ መንጋጋዬን ለይቼ ምን እላለሁ? የሚገርመው ደግሞ ዳይክሎፌናኩና አይቡፕሮፌኑ ሲሰራ የጥርሷም አብሮ ይጠፋል። ረቡዕ ማታ ወንድሜ ከፋርማሲ አንድ መርፌ አስወጋኝ፣ "ይቺ ታነሳዋለች" ብለው የሰጡት፣ ዴክሳ ነው፣ ዴክሳሜታዞን። እውነትም አነሳችኝ! በማግስቱ ሐሙስ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እማዬ "ተመስገን" አለች፣ አጥሚት ጠጣሁ፣ ከሰዓት ተነስቼ ጓደኞቼ ጋ በርጫ ሄድኩ።

እዚች ጋ ቆም ልበል። ያቺ ሐሙስ ናት ልትገድለኝ የነበረችው። ዴንጊ ሚባለው በሽታ ትኩሳቱ ሲለቅ ነው አደገኛ ቀኑ ሚጀምረው፣ ብዙ ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ውስጥ ማለት ነው። ያኔ ነው ደም የሚያረጋው ፕላትሌት የሚባለው ወደታች የሚወርደው፣ ነጩ የደም ሕዋስም ያንሳል፣ ከደም ስር ፈሳሽ ሾልኮ ሰው ድንገት ሊዝለፈለፍ ይችላል። አብዛኛው ሰው ይቺን ጊዜ በሰላም ያልፋታል፣ እኔ ግን በነጭ ሕዋስ እጥረቴ ላይ ዴክሳ ጨምሬበት፣ ዴክሳ ደግሞ ስራው ምንድነው፣ የሰውነትን መከላከያ ዝም ማሰኘት፣ ትኩሳትና እብጠትን መሸፈን። ጥርሴ ስር የተቀመጠው ነገር በር ተከፈተለት ማለት ነው፣ ዘበኛውም አልጋ ላይ ነው።

በርጫው ላይ ቅጠል ወደ አፌ ሳስገባ አፌ አልከፈት አለኝ። ህመም አይደለም፣ ዝም ብሎ አይከፈትም፣ ዝገት የያዘው በር ነው ሚመስለው። ጓደኛዬ "ስንት ጣት ይገባል?" አለኝ እንደ ቀልድ፣ ሞከርኩት፣ ሁለት ጣት በጭንቅ። ጤነኛ ሰው ሶስት ጣቱን አንዱን ባንዱ ላይ አድርጎ በጥርሶቹ መሃል ማስገባት ይችላል፣ አሁኑኑ ሞክሩት። እኛ ሳቅን። እውነት ሳቅን።

አርብ ጠዋት ከግራ መንጋጋዬ ስር አብጧል። እማዬ "ጆሮ ደግፍ ነው" አለች፣ ጨው አሙቃ በጨርቅ ቋጥራ አሰረችልኝ። ከሰዓት እብጠቱ በአገጬ ስር ዞሮ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ፊትና ስር ነው ሚያብጠው እንጂ አገጭ ስር እንደ ኮሌታ አይዞርም፣ ይሄን አሁን ነው ምላችሁ። ድዴን በመስታወት አየሁት፣ ምንም የለውም። ቡግንጅም መግልም የለም። ስለዚህ "ጥርስ አይደለም" አልኩ። ሌላው ስህተት።

አክስቴ መጣችና አይታኝ "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ሚቆርጥ ሰውዬ አውቃለሁ፣ ቶሎ ይጠራ" አለች። አትፍረዱባት፣ እሷ ልጆቿን ሁሉ ያስቆረጠች ሴት ናት፣ በፍቅር ነው ያለችው። እንደ እድል ሆኖ ሰውየው ሐረር ለለቅሶ ሄዷል ተባለ። በኋላ ይሄን ለዶክተሮቹ ስነግራቸው አንዱ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ በዛ ደሜ ላይ ያ ምላጭ ቢያርፍብኝ እዛው ቤት ደሜ ፈስሶ ነበር ማልቀው። የማን ለቅሶ እንደነበረ አላውቅም፣ ነፍሱን ይማር፣ እኔን ግን አትርፎኛል።

ቅዳሜ ማታ ነው እንግዲህ። ምራቄን መዋጥ አልቻልኩም፣ ፎጣ ይዤ አፌ ስር አደርጋለሁ፣ ይንጠባጠባል። ድምጼ ተቀየረ፣ ትኩስ ገንፎ ጎርሶ እንደሚያወራ ሰው ሆንኩ። አልጋ ላይ በጀርባዬ ስተኛ አንድ ሰው ትራስ ጉሮሮዬ ላይ የጫነ ይመስለኛል፣ ብድግ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ወደፊት ጎንበስ ስል ትንሽ አየር ይገባል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወንድሜ ባጃጅ ጠራ። እማዬ "ይንጋ፣ ሌሊት ማን ያይሃል" አለች፣ እኔም ላለመጨቃጨቅ ልስማማ ነበር፣ ወንድሜ ነው በግድ ጎትቶ ያስገባኝ። ቢነጋ ኖሮ ይሄን የሚጽፍ ሰው አይኖርም።

መጀመሪያ የደረስንበት ቦታ ያለው ሰው ከመስኮቱ ሆኖ "የጥርስ ክፍል ሰኞ ነው ሚከፈተው" አለን። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየውም ደክሞት ነበር። ከዛ ወጥተን ሌላ ጋ ሄድን፣ እዛ ተረኛዋ አንዲት ወጣት ዶክተር ነበረች፣ ገና ስታየኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች። ካርድ አላለችም፣ ስም አላለችም። "ምላስህን ወደላይ አንሳ" አለችኝ። አልተነሳም። ጓንት አድርጋ ጣቷን ምላሴ ስር አስገባች፣ ሌላውን እጇን ከውጭ አገጬ ስር አድርጋ ጨመቀችው፣ ለወንድሜ "ና ንካው" አለችው። እንጨት። ወንድሜ እስከዛሬ ሲያወራ "ጣውላ የነካሁ ነው የመሰለኝ" ይላል። ምላሴ ስር ያለው ስጋ አብጦ ምላሴን ወደ ላንቃዬ ገፍቶታል፣ ምላሴ ደግሞ ወደኋላ እየሄደ የአየር መንገዴን እየዘጋው ነው።

"ሉድዊግ ነው" አለች ስልክ ላይ ለሌላ ሐኪም። ስሙ ከጀርመናዊ ሐኪም የመጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1836 በሽታውን ጽፎ ያስታወቀ። አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት ከያዛቸው ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር፣ ዛሬም ቶሎ ካልተደረሰበት ይገድላል፣ የሚገድለው ደግሞ መጀመሪያ በመግሉ ሳይሆን ትንፋሽ በመዝጋት ነው። ለምን ድዴ እንዳላበጠ ዶክተሯ በኋላ ወረቀት ላይ ስላ አሳየችኝ፦ ከአፋችን ወለል ስር እንደ አልጋ ጠፍር ከመንጋጋ እስከ መንጋጋ የተወጠረ ጡንቻ አለ፣ የኋለኞቹ የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ስር ከዛ ጠፍር በታች ነው ሚደርሰው። ስለዚህ የነሱ መግል ወደ ድድ አይወጣም፣ ወደታች ወደ አንገት ነው ሚፈሰው። ከአንገት ደግሞ ወደ ደረት መውረድ ይችላል። ይሄን ስዕል አንድ ዓመት ቀደም ብዬ አይቼው ቢሆን 150 ብሯን ተበድሬም እከፍል ነበር።

ደም ሲሰራ ፕላትሌቴ 41,000 ሆነ። ጤነኛ ሰው ቢያንስ 150,000 አለው። አሁን ችግሩን እዩት፦ ኢንፌክሽኑ እንዲድን አንገት መቀደድ አለበት፣ ጥርሷ መነቀል አለባት፣ በዚህ ፕላትሌት ደግሞ ብትቀድ ደሙ የሚቆም አይመስልም። የጥርስ ሐኪሙ ተጠርቶ መጥቶ አየኝና "እኔ አሁን አልነካትም" አለ፣ ልክ ነው። ዶክተሯ ዳይክሎፌናክ እንደተወጋሁ፣ ዴክሳ እንደወሰድኩ፣ አይቡፕሮፌን እንደምቅም ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ ስኳር ይኖርብኝ እንደሆነም ለካችኝ፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይሄ ነገር ይበረታል አለች። መቀመጫዬንም አየችው። ከዛ ነው "ታይፎይድ ነው ያለህ ማነው?" ያለችው። ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ አንቲባዮቲኮች በደም ስር ጀመረችልኝና ሐረር ተላክሁ፣ ትንፋሽ ከተዘጋ አንገት ከፍቶ ቱቦ የሚያስገባ ቡድን እዛ ነበረ ያን ሌሊት።

አምቡላንሱ ውስጥ ነርሱ "ተኛ" ይለኛል፣ አልጋው ተዘጋጅቷል፣ እኔ መናገር አልችልም፣ እጄን እያወዛወዝኩ እምቢ እላለሁ። "ተኛ ወንድሜ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው ትወድቃለህ" ይላል። ዶክተሯ ሮጣ መጥታ በመስኮት "እንዳታስተኙት! ተቀምጦ ነው ሚሄደው!" ብላ ጮኸች። ደንገጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ያ ሁሉ ኩርባ፣ ዳገቱ፣ የአምቡላንሱ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ክርኖቼን ጉልበቴ ላይ ተክዬ አገጬን ወደፊት አውጥቼ እያንዳንዱን ትንፋሽ እየቆጠርኩ ወጣሁት። ፎጣው ረጥቦ ወንድሜ ጃኬቱን ሰጠኝ። አወዳይ ስንደርስ በዛ ሌሊት ጫት የሚጭኑ መኪኖች ነበሩ፣ ሰዉ ይስቃል፣ ይጮሃል፣ ሙዚቃ አለ። እነሱ እንደልባቸው አየር ሲስቡ አይቼ ቀናሁባቸው፣ በትንፋሽ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐረር ቀጥታ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። አላስተኙኝም፣ ቁጭ እንዳልኩ ግማሽ ጋደም አድርገው አንገቴ ላይ ብቻ አደንዝዘው ቀደዱኝ። ለምን ሙሉ ማደንዘዣ አትሰጡኝም ብዬ በምልክት ስጠይቅ አንዱ "ካስተኛንህ ጡንቻህ ይላላና ያቺ የቀረችው ቀዳዳ ትዘጋለች፣ በአፍህ ደግሞ ቱቦ አይገባም፣ አፍህ አይከፈትም" አለኝ። ጎን ለጎን ደም እየገባልኝ ነው፣ ፕላትሌት ለብቻው አላገኘንም፣ ትኩስ ደም ተባለና ወንድሜና ተከትሎን የመጣ ባጃጅ ነጂ ጓደኛዬ ሰጡ። ህመም ሳይሆን መጫን ይሰማኛል፣ ከዛ አንድ የሚያፏጭ ድምጽ፣ ከዛ... አየር። በአፍ ያልመጣ በአፍንጫ ያልመጣ አየር በቀጥታ ደረቴ ገባ። አለቀስኩ፣ ድምጽ ግን የለም፣ አየሩ ከድምጽ ሳጥን በታች ስለሚወጣ ድምጽ አይኖርም። ከዛ በኋላ ነው ያስተኙኝና አገጬ ስር በሁለት በኩል የከፈቱት። መግል ይዘረገፋል ብዬ ነበር ማስበው፣ የወጣው ግን ቡናማ የሚሸት ውሃ ነው አሉኝ፣ መግሉ ትንሽ ነበር። እንደዛ ነው ሉድዊግ፣ ስጋውን ሰርጎ ያጠነክረዋል እንጂ እንደ ቡግንጅ አይቋጥርም፣ ለዛ ነው "እስኪበስል እንጠብቅ" የሚባል ነገር የማይሰራው። ቁስሉ ውስጥ ፈሳሹ እንዲወጣ የጎማ ቱቦ ተውልኝ። ጎሚስታ ሆኜ አንገቴ ውስጥ ጎማ፣ ጓደኞቼ ይሄን እስከዛሬ አልተዉትም።

አምስት ቀን በቀዳዳዋ ተነፈስኩ፣ በደብተር ነበር ማወራው። ደብተሩ አሁንም አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ውሃ" ይላል፣ ሁለተኛው ላይ "እማዬ በልታለች?"፣ ሶስተኛው ላይ "ቱቦው ተዘጋ ጥሩልኝ" በትልቁ። የአስታማሚ ዋና ስራው ይሄ ነው፣ ቱቦው ውስጥ አክታ ሲደርቅ ሲስተሯን መጥራት። ወንድሜ አልጋዬ ስር ካርቶን ላይ ነው የተኛው፣ ሌሊት ክንዱ ላይ ገመድ አስሬ እጎትተዋለሁ፣ ድምጽ የለኝማ። እንደዚህ ዓይነት ታማሚ ካላችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ገመድና የማይተኛ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ስድስተኛው ቀን ፕላትሌቴ ከ90,000 አለፈ፣ አፌም ትንሽ ተከፈተ፣ ያቺን ጥርስ ነቀሏት። ሶስት ደቂቃ። ያ ሁሉ ጉድ ሶስት ደቂቃ ለማትሞላ ስራ። እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ መጀመሪያ የጠየቀችው "ጥርሱን የት ጣሉት?" ብላ ነው፣ እንደ ልጅነታችን ጣሪያ ላይ ልትወረውረው ፈልጋ ነው መሰለኝ። በጠቅላላው 13 ቀን ተኛሁ።

እዛው ተኝቼ እያለሁ ነው ድሬ የገባው በሽታ ዴንጊ መሆኑ የታወቀው፣ ከድሬ የተወሰደ የታማሚዎች ናሙና በላብራቶሪ ተመርምሮ ማለት ነው። በኢትዮጵያ በላብራቶሪ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የዴንጊ ወረርሽኝ ነው፣ በዛ ሰሞን ድሬ ላይ ከ11,000 በላይ ሰው ነው የተመዘገበው። ሐረር ያከመኝን ዶክተር "ታዲያ አንገቴን ያሳበጠው ዴንጊ ነው?" ብዬ በደብተሬ ጠየቅኩት። "ዴንጊ ጥርስ አያበሰብስም፣ ጥርሷን አንተ ነህ ያቆየሃት። ዴንጊው ግን አቅምህን ወሰደ፣ አፍህን አደረቀ፣ ከዛ መድሃኒቶቹ ደበቁልህ" አለኝ። ትንሽ አናደደኝ ግን እውነት ነው። እንደዚህ ዓይነት ከባድ ነገር በዴንጊ ላይ ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ አትደንግጡ፣ ግን ሲመጣ ሁለቱ በሽታዎች አንዱ ለአንዱ መጋረጃ ይሆናሉ፣ ትኩሳቱን በዴንጊ ታሳብባለህ፣ ድካሙን በዴንጊ፣ የድድ መድማቱን በዴንጊ፣ እብጠቱን በጆሮ ደግፍ።

ትንኟ ደግሞ የወባዋ አይደለችም። እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ዝንጉርጉር ያለባት፣ ኤደስ የምትባል፣ ቀን ነው ምትነክሰው፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ይብስባታል። እንደ ድሬ ውሃ በየቀኑ በማይመጣበት ከተማ ሁሉም ሰው በርሜልና ጀሪካን ሞልቶ ያስቀምጣል፣ እሷ ደግሞ የምትፈልፈለው እዛ ንጹህ በሚመስለው የቆመ ውሃ ውስጥ ነው፣ እንቁላሏ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። እና የኔ ሱቅ ደጃፍ? 40 አሮጌ ጎማ ዝናብ ያቆረበት፣ አጠገቡ ደግሞ የተበሳ ጎማ የምፈልግበት ሳፋ። እኔው ነኝ ሳረባት የኖርኩት። ከሐረር ስመለስ የመጀመሪያ ስራዬ ጎማዎቹን መብሳት ነበር፣ ጎሚስታ ጎማ ሲበሳ ያየ ሰው "አበደ" አለ። በርሜሉን አሁን በጨርቅ እሸፍናለሁ፣ በየሳምንቱ ግድግዳውን ፈትጌ አጥባለሁ።

እና ትኩሳት ከያዛችሁ ዴንጊ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ ለህመሙ ፓራሲታሞል ብቻ፣ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፣ ማለትም ባለ 500ዋ ከ8 ፍሬ በላይ አይሆንም፣ ጉበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ከዛም በታች ሐኪሙ ይንገረው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪን ዴንጊ አለመሆኑ እስኪለይ ድረስ አትንኩ፣ ደም ያፈሳሉ። መቀመጫ ላይ መርፌም ተዉ። ዴክሳን "ታነሳዋለች" ብሎ የሚሰጣችሁን አመስግናችሁ ውጡ። ኦአርኤስ ጠጡ፣ አፋችሁን ቢያንስ በጨው ውሃ ተጉመጥመጡ፣ ቡርሹ ካደማችሁ ለስላሳ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ጥረጉ ግን አትተዉት። ሐኪም ስታገኙ ደግሞ የተቦረቦረች ጥርስ ካለቻችሁ ንገሩት፣ እኔ ለሶስት ሰው ስታይ አንዱም ስለጥርስ አልጠየቀኝም እኔም አልተናገርኩም። እና በዛ ሰሞን ብታምም እንኳ ዝም ብላችሁ ጥርስ ነቃይ ጋ እንዳትሄዱ፣ መጀመሪያ ደም ተሰርቶ ፕላትሌት ይታይ። ትኩሳቱ ከ5 ቀን በላይ ከቆየ ወይም ለቆ ከተመለሰ ሌላ ነገር አብሮ እንዳለ ይጠረጠራል። አገጭ ስር ካበጠ ግን በቃ ሌላ ጨዋታ የለም፣ ምላስ አልነሳ ካለ፣ ምራቅ ካልተዋጠ፣ ድምጽ ከተቀየረ፣ በጀርባ መተኛት ካቃተ ያቺው ሰዓት ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው፣ ቁጭ ብሎ።

በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉኒያ ድሬን ሲያጥለቀልቃት፣ ያው ትንኝ ናት፣ በአስር ሺዎች ሰው ነው ያነከሰው፣ መገጣጠሚያ ይዞ ወራት አይለቅም፣ ሰዉ ዳይክሎፌናክ እንደ ቆሎ ይቅም ነበር። እኔ እየዞርኩ አፍ አስከፍታለሁ፣ "ሶስት ጣትህን አስገባ" እላለሁ። ጫት የምትሸጥልኝ አዴ አንድ ቀን "አንተ ልጅ የጥርስ ሐኪም ሆንክ እንዴ?" አለችኝ። "አይ አዴ፣ ጎማ ነው ማየው" አልኳት።

በ2015 ዴንጊ አፋር ውስጥ ሎግያና ሚሌ ሲገባ የአክስቴ ልጅ እዛ መኪና ላይ ነበር ሚሰራው፣ ደወለልኝ። "ተነስቻለሁ፣ ትኩሳቱ ሄዷል፣ ትንሽ መንጋጋዬ ስር አብጦ ነው" አለ። ድምጹን ስሰማ ሆዴ ተገለበጠ፣ ገና ገንፎ አልሆነም ግን ጠበቅ ብሏል። "ስንት ጣት ይገባል?" "ቆይ... ሁለት።" "ምላስህን አንሳ።" "ይነሳል ግን ያመኛል።" "በጀርባህ ተኛና ንገረኝ።" ትንሽ ዝም አለና "ደስ አይልም" አለኝ። መኪናውን አስቁሞ ዱብቲ ሆስፒታል እንዲሄድ ነገርኩት፣ "ነገ ጭነት አለኝ" ሲል በጣም ጮህኩበት፣ የእንጥል ቆራጩን ታሪክ፣ የደንገጎን፣ ደብተሩን ሁሉ አስታወስኩት፣ እናቱ እኮ ናት ያን ሰውዬ ልታስጠራ የነበረችው። ሄደ። ፕላትሌቱ 70 ሺህ ምናምን ነበረ፣ አስተኝተው በደም ስር መድሃኒት ሰጡት፣ ሌሊቱን እየተነሱ ትንፋሹን ሲያዩት አደሩ፣ እብጠቱ አልተሻገረም፣ ቢላም አልነካው። በአምስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፣ አነሳሁት፣ የታፈነ ድምጽ ነው ልቤ ቀጥ አለ።

"ነቀሉልኝ" አለ አፉ በቁስል ጎዝ ተሞልቶ።

"አታውራ፣ ጎዙን ነክሰህ ያዝ" አልኩትና ዘጋሁበት።